ከጎረቤት አፍ የተሞሉ ቅጾች

«ኢስሊ ውስጥ እኔ ያልሰማሁት ችግር ገና አልተወለደም» አለች ጦይባ፣ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ካለው የእትዬ ሠርክ ቢሮ ወንበር ላይ እግሯን አጣምራ እንደ ትልቅ ሰው ተደላድላ። «የማን ባል ጠፋ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት ተባረረ፣ የማን ጣሪያ ያፈሳል፤ እኔን ይጠይቁኝ። ሌሎቹ በወር የሚያመጡልዎትን እኔ በሳምንት አመጣልዎታለሁ።»

እትዬ ሠርክ ቀና ብላ አየቻትና መልሳ ወደ ወረቀቷ አቀረቀረች። ሠርክ ሕግ የተማረች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ናይሮቢ የመጣችው ለአንድ የውጭ ድርጅት ጥናት ልትሠራ ነው። ጥናቱም፣ ተራ ሰው ከአከራዩ ወይም ከአሠሪው ወይም ከትዳሩ ጋር ሲጣላ ወዴት ነው የሚሄደው የሚል ነው። ዳኛ ጋ? ጠበቃ ጋ? ሼኽ ጋ? ወይስ የትም? ለዚህም አራት ገጽ ቅጽ አዘጋጅታለች። ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ላሉት አበሾች ደግሞ ቋንቋቸውንም ደጃፋቸውንም የሚያውቅ ጠያቂ ያስፈልጋታል።

ጦይባ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። «እኔ አልተውኩትም፣ እሱ ነው የተወኝ» ትላለች ሲጠይቋት። ሆኖም አማርኛ አሳምራ ትጽፋለች፣ ስዋሂሊውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች፣ እንግሊዝኛም ቢሆን ቀድሟት ካልሮጠ ትይዘዋለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ሠርክ ሠላሳውን ቅጽ ስትሰጣት። «እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ፣ በገዛ አፉ የነገረሽን ብቻ ጻፊ። ከራስሽ አትጨምሪ።»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ቆርጦኝ!»

ጦይባ ይህን ሁሉ ስትል፣ አክስቷ ዘኪያ ከሱቋ መደርደሪያ፣ ከምስሩ ቆርቆሮ ሥር አንድ ደብዳቤ ከሸሸገች ሳምንት አልፏት ነበር። ደብዳቤው ሱቁን በወር ውስጥ ልቀቂ ይላል። ዘኪያ በርበሬውንም፣ ሽሮውንም፣ ነጠላውንም ስምንት ዓመት የሸጠችበት ሱቅ ነው። ጦይባንም አሳድጋ ለዚህ ምላስ ያበቃቻት በዚሁ ሱቅ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ወሬውን የግቢው ሰው በሙሉ ያውቀዋል፤ የማታውቀው ያቺ ሁሉን ዐዋቂ ብቻ ናት።

ጊዜው ደርግ ዐሥረኛ ዓመቱን በሰልፍ ካከበረ ወዲህ የመጣው ረመዳን ነው። ሰው ሁሉ ጾመኛ ነው። ጦይባ ቅጾቿን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ፣ አንዲት ቧንቧ መሐል አድርገው ዐሥራ ሁለት ክፍሎች የተፋጠጡበት ግቢያቸው ገባችና መጀመሪያ ያገኘችው ልብስ ስታጥብ የነበረችውን መስቱራን ሆነ።

«ባለፉት ሁለት ዓመታት የሕግ ችግር አጋጥሞሽ ያውቃል?» አለች ጦይባ፣ ድምፅዋን እንደ ሬዲዮ ዜና አንባቢ ጎርነን አድርጋ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች መስቱራ።

«አልሐምዱሊላህ ማለት አለ ነው የለም?»

«አልሐምዱሊላህ ነዋ! ጾመኛን ችግር አለብሽ ወይ ብለው ይጠይቃሉ? ጌታዬን በገዛ ምላሴ ላስቀይም ነው? ሂጂ ወዲያ፣ ውኃዬ ሳይሄድ ልጠብበት።»

ጦይባ «የለም» ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው በር ሄደች። እዚያ ያለው አብዱልፈታ ነው። ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ዕቃ ጫኝና አውራጅ የነበረ፣ አሁን ግን ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ የሚውል ጎልማሳ። ቅጹን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አገላብጦ አየው።

«ስም፣ ዕድሜ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመጡበት አገር… ይኼ ነገር የት ነው የማውቀው?»

«የት ነው ጋሼ?»

«ቀበሌ! ከቀበሌ ሸሽቼ ሞያሌን በእግሬ አቋርጬ ብመጣ፣ ቀበሌ በማታቱ ታክሲ ተሳፍሮ ደረሰብኝ?»

«ጋሼ አብዱልፈታ፣ ይኼ እኮ ለጥናት ነው።»

«እነሱም ጥናት ነው ብለው ነው የጀመሩት፤ መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የለም በይ። ሃኩና ሺዳ ብለሽ ጻፊ፣ በስዋሂሊም እንዲገባቸው።»

ይህን ብሎ ቅጹን ሊመልስላት ከበርጩማው ሲነሳ ወገቡን ይዞ ያሰማት «ኡህ» መንገድ ማዶ እስካለው ጎማ ጠጋኝ ደረሰች። ጦይባ ሰምታለች። ሆኖም ቅጹ ስለ ኡህታ የሚጠይቅ ቦታ የለውም።

እንዲህ እንዲህ እያለች ግቢውንና አካባቢውን ዞራ በአራት ቀን ዐሥራ ስምንት ቅጽ ሞላች። የአክስቷን ግን መጠየቅም አላስፈለጋት። አብራት እየበላች አብራት እየኖረች ምን ትጠይቃታለች? ከሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብላ፣ ዘኪያ ከውስጥ ዕቃ በካርቶን ስታሽግ እያየች፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ስም፦ ዘኪያ። ሥራ፦ ነጋዴ። ችግር፦ የለም። ማን ጋ ሄዱ፦ የትም።

«ጦይባዬ፣ ያቺን ካርቶን መስቱራ ቤት አድርሺልኝ እስቲ» አለቻት ዘኪያ።

«ምንድነው አክስቴ?»

«ለኢድ የሚሸጥ ነው። እዚህ አይጥ ይበላብኛል።»

ጦይባ ካርቶኑን ተሸክማ አደረሰች። በማግስቱም አንድ ሌላ አደረሰች።

ሠርክ ዐሥራ ስምንቱን ቅጽ አንድ በአንድ ገልጣ አየች። ዐሥራ ስምንቱም ላይ «የለም» ነው። ቅጾቹን አስተካክላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ኢስሊ ጀነት ሆናለች ማለት ነው» አለች። «እኔም ኪሌሌሽዋ ያለውን ቤቴን ልልቀቅና እዛ ልከራይ?»

«ሰው አይናገርም እትዬ! እኔ ምን ላድርግ? አፋቸውን በማንኪያ ልክፈተው?»

«የማይናገሩት ለምን እንደሆነ አስቢበታ። የተቀጠርሽው ለዚያ ነው።»

ጦይባ አኩርፋ ማታቱ ተሳፈረች። ከፊት ለፊቷ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ያወራሉ፤ ከከተማ እስከ ኢስሊ አፋቸው አልተዘጋም። ወሬው ግን አንዱም ስለ ራሳቸው አልነበረም። ጎረቤታቸውን ከነባሏ፣ ከነአማቷ፣ ከነዕዳዋ አውርደው አውጥተው፣ ሲወርዱ ደግሞ «እኛስ አልሐምዱሊላህ ነው» ብለው ወረዱ። ጦይባ ጭኗን መታች። ለካስ ጥያቄው የተሳሳተ በር ነው የሚያንኳኳው! የራሱን ችግር የሚናገር ሰው የለም፤ የጎረቤቱን የሚደብቅም የለም።

በማግስቱ መስቱራ ጋ ሄደች።

«ደሞ መጣሽ?» አለች መስቱራ።

«ስለ አንቺ አይደለም የመጣሁት። ስለ ጋሼ አብዱልፈታ ነው።»

የመስቱራ እጅ ከሳሙናው ውስጥ ወጣ። «ስለሱማ ቁጭ በይ» አለች፣ ባልዲውን ደፍታ መቀመጫ እየሰጠቻት። «ሣጥን ወገቡ ላይ ወድቆበት እኮ ነው! ዕቃ ሲያወርድ። ከዚያ አለቅየው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹ስትድን ና› አላለውም፣ ‹ሁለተኛ እንዳላይህ› ነው ያለው። ሦስት ወር ሙሉ እንዲሁ እንደተቀመጠ ነው።»

«ማን ጋ ሄደ?»

«ማን ጋ ይሄዳል? ወጌሻ ጋ!»

ጦይባ በአብዱልፈታ ቅጽ ላይ «የለም» የሚለውን ሰርዛ ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ ወደ አብዱልፈታ ተሻገረች። ስለ ራሱ አንዲት ቃል ያልተነፈሰው ሰውዬ፣ የመስቱራ ስም ሲነሳ በርጩማውን ወደ እሷ አስጠጋ።

«ያቺ ምስኪን! ባሏ ሞያሌ ሄዶ ቀረ አይደል? ባለፈው ዓመት በጭነት መኪና ሹፌር ‹ፈትቼሻለሁ› ብሎ ላከባት። በሹፌር አፍ ይፈታል እንዴ ሰው? ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ይኸው ያገባችም ያልተፈታችም ሆና ተንጠልጥላ ቀረች።»

«ማን ጋ ሄደች?»

«ሹፌሩ ጋ! ሄዳ ስድብ አጠጣችው።»

ጦይባ ብዕሯ ሊቀልጥ ደረሰ። በር ባንኳኳች ቁጥር የሚቀጥለው በር ገመና ይዘረገፍላታል። ዐሥር ቀን ሳይሞላ ሃያ ዘጠኙ ቅጽ ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ። የአክስቷ ብቻ ንጹሕ እንደሆነ ቀረ። ረመዳን ሃያ ሰባተኛው ቀን ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሥራዋን በመጨረሷ ደረቷን ነፍታ ቧንቧው አጠገብ ቆማ ለመስቱራ ስትተርክላት፣ መስቱራ አቋረጠቻት።

«የዘኪያንስ ከማን ሰማሽ?»

«የአክስቴን? አክስቴ ምንም የለባትም።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«የለም ብዬ።»

መስቱራ ሳቀች። ጦይባ አብራት እንደማትስቅ ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ የእውነትሽን ነው? ሱቁን እንድትለቅ ደብዳቤ የመጣላት ረመዳን የገባ ዕለት አይደል? ወሩ ሲሞላ ልትወጣ ነው። ሦስት ቀን ቀራት።»

«ዋሽተሻል።»

«ዕቃዋን እኔ ቤት እያከማቸች እኮ ነው! ሁለቱን ካርቶን ተሸክመሽ ያመጣሽው አንቺ ራስሽ ነሽ!»

«ታዲያ ለምን አትነግሩኝም?»

«የምታውቂ መስሎን። ሰው ችግሩን ሁሉ ከአንቺ አይደል እንዴ የሚሰማው?»

ጦይባ ወደ ሱቁ ሮጠች። እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ተደናቀፈች። ዘኪያ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ነጠላ ታጥፋለች። መደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። ሳምንት ሙሉ ባዶ ነበር፤ ጦይባ ሽያጩ ደርቶ መስሏት ነበር።

«ደብዳቤው የታለ?»

«የምን ደብዳቤ?»

«አክስቴ!»

ዘኪያ የምስሩን ቆርቆሮ አነሳች። ጦይባ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ይዛ አነበበች። እንግሊዝኛው ሮጠባት። «ወር» የሚለውን ያዘች፣ «ሱቅ» የሚለውን ያዘች፣ ሌላው አመለጣት። ከግርጌው ክብ ቀይ ማኅተም አለ።

«ማንን ጠየቅሽ? ማን አነበበልሽ?»

«ደላላው አነበበልኝ። ውጪ ነው የሚለው። አለቀ።»

«እንዴት ያልቃል? ለምን መልስ አልሰጠሽም?»

ዘኪያ የሞኝ ጥያቄ እንደሰማች ሁሉ አየቻት። «ማኅተም ያለበት ወረቀት መልስ አለው እንዴ? በስልሳ ሰባት የአባቴን ቤት የወሰዱት በምንድነው? እንዲሁ ባለች አንዲት ወረቀት ነው። ማን መለሰ? መልስ ሊሰጥ የሄደው ያጎቴ ልጅ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ማኅተም ሲመጣ ዕቃህን ሰብስበህ ትወጣለህ። ይህ ችግር አይደለም፤ እንደ ዝናብ ነው። ዝናብን ማን ይከሳል?»

«ለእኔ እንኳን አትነግሪኝም?»

«ነግሬሽ ምን ልትሆኚ? ለሰፈሩ ልታዳርሺ?»

«ሰፈሩማ ያውቃል!»

«እሱ እኔ ነግሬው አይደለም» አለች ዘኪያና ወደ ነጠላዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ጦይባ ደብዳቤውንም ሠላሳውንም ቅጽ ይዛ ኪሊማኒ ደረሰች። ሠርክ ደብዳቤውን አንዴ አነበበች። ሁለተኛ አነበበች። ከዚያ ቅጾቹን አገላብጣ የዘኪያን አወጣች።

«ይህን ማን ሞላው?»

«እኔ።»

«ጠይቀሻት?»

ጦይባ የጫማዋን ጫፍ ማየት ጀመረች። ሠርክ ሌሎቹንም ገለጠች። «የለም» ተሰርዞ፣ «ጎረቤቱ እንደነገረኝ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ሌላውም እንዲሁ፣ ሌላውም እንዲሁ። ፊቷ ላይ ምንም አልተነበበም። ቅጾቹን መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቦርሳዋን አነሳች።

«ተነሺ። ታክሲ እንያዝ።»

ሱቁ ሲደርሱ ዘኪያ ሠርክን በአክብሮት ተቀብላ ያላትን አንድ ወንበር ሰጠቻት። የመጡበትን ስትሰማ ግን ፊቷ ጠቆረ።

«ልጄ፣ ለመንግሥት እምቢ ብዬ ልጽፍ? ወረቀቴ የስደተኛ ወረቀት ነው። ነገ ጠዋት ሞያሌ ቢጥሉኝስ?»

«ይኸው እዚህ ጋ ይመልከቱ» አለች ሠርክ፣ ዘኪያ ማንበብ የምትችል ይመስል በጣቷ እያሳየች። «ሱቁን አልለቅም የሚሉ ከሆነ ወሩ ሳይሞላ በጽሑፍ ያሳውቁ ይላል። ዝም ካሉ እንደተስማሙ ይቆጠራል። አልስማማም ካሉ ግን የኪራይ ሸንጎው ሁለታችሁንም ሰምቶ እስኪወስን ድረስ ማንም አያስወጣዎትም። ደብዳቤው ራሱ መልስ ይስጡኝ ነው የሚለው።»

«ማኅተሙስ?»

«የቱ ማኅተም?»

«ይኼ ክብ፣ ቀዩ።»

«የጠበቃው ነው።»

«የማን ጠበቃ?»

«የአከራዩ።»

ዘኪያ ወንበር ስላልነበራት የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። «የመንግሥት አይደለም?»

«አይደለም።»

«የዚያ የላንድሎርዱ? ውኃ ቆርጦ በጄሪካን ያስቀዳኝ? ጣሪያው ያፈሳል ስለው ባልዲ ግዢ ያለኝ? የዚያ ማኅተም ነው ሃያ ስምንት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ?»

«የዚያው።»

«ለሱ ነው እንግዲህ የምጽፈው?»

«ለእሱ ነው።»

«እህ!» አለች ዘኪያ፣ ከጆንያው ብድግ ብላ። «ጦይባ፣ እስክሪብቶ አምጪ!»

ሠርክ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ጻፈችና ተረጎመችላት። ዘኪያ አልረካችም።

«ይኼ ብቻ? ስለ ጣሪያውስ? ስለ አይጡስ? ስለ እናቱስ?»

«እናቱን እንተዋት» አለች ሠርክ።

ዘኪያ ፈረመች። መፈረም ማለት በአረብኛ ፊደል ስሟን መጻፍ ነው፤ የቁርኣን ቤት ትምህርቷ ለዚህ ይበቃል። በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ሦስቱም ከተማ ወርደው ወረቀቱን ጠበቃው ቢሮ አስረከቡ። ጸሐፊዋ ተቀብላ ልታሰናብታቸው ስትል ዘኪያ ከባንኮኒው አልነቃነቅ አለች። በቅጂዋ ላይ ማኅተም ካልተመታላት አትሄድም። ጸሐፊዋ ሠርክን አየች፣ ሠርክ ግድግዳውን አየች። ማኅተሙ ተመታ።

ኢድ ሆነ፣ ኢድ አለፈ፤ የሚያስወጣት ሰው አልመጣም። የመጣው ሌላ ወረቀት ነው፤ ሸንጎው ከሁለት ወር በኋላ ቀጠሮ ሰጥቷል። ማን እንደሚረታ አይታወቅም። ዘኪያ ግን ካርቶኖቿን ከመስቱራ ቤት አስመልሳ መደርደሪያዋን ሞላች። አንዳንዱን ካርቶን አብዱልፈታ ወገቡን እየረሳ ሊያነሳ ሲል እየጮኹ አስጣሉት። የተሸከመችው ጦይባ ናት።

ጦይባ ከዚያ ወዲህ አልተቻለችም። በርበሬ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ «ይህን የምታየውን ሱቅ ማን እንዳተረፈው ታውቃለህ?» ትላለች። የማያውቅ ገዢ ከተገኘም ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች።

ኢድ ባለፈ በሳምንቱ ሠርክ ሱቁ መጣች፣ ቦርሳዋ በቅጽ ተወጥሮ። ከዘኪያ ፊት ለፊት ተቀመጠችና ባዶ ቅጽ አውጥታ እንደ አዲስ ጀመረች።

«ባለፉት ሁለት ዓመታት የሕግ ችግር አጋጥሞዎት ያውቃል?»

«የለም» አለች ዘኪያ። «አልሐምዱሊላህ።»

የሠርክ እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ። «ደብዳቤውስ?»

«እሱ የሕግ ችግር ነው እንዴ? ከሰውዬው ጋር ያለኝ ጸብ ነው።»

ሠርክ ቃል በቃል ጻፈችው። ከዚያ ገጹን ገልብጣ በስተጀርባው ረጅም ነገር ጻፈች፤ ስትጽፍም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያላት ትመስል ነበር። ጦይባ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥላ ልታነብ ሞከረች።

«አየሽ» አለቻት ሠርክ፣ ሳትዞር። «አብዱልፈታን ትናንት ራሴ አናገርኩት። አሠሪው አላባረረውም። ‹ስትድን ተመለስ› ብሎ ወረቀት ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ የስንብት መስሎት ሳያስነብብ ደብቆታል። ጎረቤት ግማሹን ያውቃል፣ ግማሹን ይሞላል።» ከቦርሳዋ ሠላሳውን ቅጽ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አደረገች። ከጥግ እስከ ጥግ በቀይ ተሰምሮባቸዋል። በላያቸው ላይ ሠላሳ ባዶ ቅጽ ደረበች። «እንደገና። ከየራሳቸው አፍ። ችግር ብለሽ አትጠይቂ፤ ምን ወረቀት ደርሶሃል፣ ከማን ተጣልተሃል በይ።»

ጦይባ ክምሩን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ቀጥሎ ግን አገጯን እንደ ልማዷ ቀና አደረገች።

«እሺ ይሁን፣ ልድገመው» አለች። «ግን እትዬ፣ እኔ ባልዞር ኖሮ ይኼ ሱቅ ሄዶ ነበር። ይህን ማንም አይክደውም። እና ጥናቱ ታትሞ ሲወጣ ስሜ የት ጋ ነው የሚገባው?»

ሠርክ ቀዩን እስክሪብቶ ከደነች።

«የተሰረዙ ቅጾች ከሚለው ሥር።»